የሞተር ጩኸት ከየት ይመጣል?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ይህ ከዲላ ጀምሮ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬ፣ በቡሌና በገደብ፣ እስከ ወርቃ ድረስ ሆናችሁ ለምታዳምጡን ሁሉ የቀረበ የሙያ ትምህርት ዝግጅት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ጩኸት ነው። በእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ለምትሠሩ ኦፕሬተሮች፣ ለወፍጮ ቤት ባለቤቶች፣ ለሞተር ጠጋኞችና ሙያውን በመማር ላይ ላላችሁ ወጣቶች ይጠቅማል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ የምትጽፏቸው ቁጥሮች አሉ።

ይህን ርዕስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጌዴኦ የቡና አገር ነው። ቡናው ከእንሰትና ከትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ጋር ተሰባጥሮ የሚያድግበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚህ መሬት የሚወጣው እጥብ ቡና ዝናውን ያገኘው ግን በአፈሩና በከፍታው ብቻ አይደለም። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ዕለት ተፈልፍሎ፣ በገንዳ ተብላልቶ፣ በንጹህ ውሃ ታጥቦ አልጋ ላይ ስለሚደርቅም ጭምር ነው። በዚህ ሰንሰለት መነሻ ላይ ያለው ደግሞ መፈልፈያው ነው። መፈልፈያውን የሚያዞረው በአንዳንዱ ጣቢያ የናፍጣ ሞተር፣ በአንዳንዱ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

የለቀማ ወቅት ሲደርስ ሥራው እንዴት እንደሚጣደፍ ታውቁታላችሁ። ገበሬው ጠዋት የለቀመውን ከሰዓት በኋላ ይዞ ይመጣል፤ መመዘኑ እስኪያልቅ ይመሻል፤ መፈልፈያው የሚነሳው አመሻሽ ላይ ነው፤ አንዳንዴም እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። በዚያ ሰዓት ሞተሩ ቢቆም እሸቱ ተከምሮ ያድራል። የተከመረ እሸት ይሞቃል፣ ያለ ቁጥጥር መብላላት ይጀምራል፣ ጠዋት ላይ ጣዕሙ ተበላሽቶ ይገኛል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ቡና በአንድ ሌሊት ደረጃው ይወርዳል።

ሞተር ደግሞ በአብዛኛው በድንገት አይሞትም። ከመቃጠሉ ወይም ከመንከሱ በፊት ድምፁ ይቀየራል፤ አንዳንዴ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት አስቀድሞ። ችግሩ ብዙዎቻችን ጩኸቱን እየሰማን «ያው አሮጌ ሞተር ነው» ብለን ማለፋችን ነው። ሌላው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጩኸቱ ከየት እንደመጣ ሳንለይ ሞተሩን ፈትተን ለማስጠቅለል ወደ ከተማ መላካችን። የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተቆርጦ ይወጣል፣ ብዙ ገንዘብ ይከፈላል፣ ሞተሩ ተመልሶ ሲገጠም ጩኸቱ እንደነበረ ይቀጥላል። ምክንያቱም ጩኸቱ ከመጀመሪያውም ከፑሊው ወይም ከመሠረቱ ነበር። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የጩኸቱ ቦታ ይለይ፣ መፍቻ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ስለ ደህንነት እንነጋገር። ለምርመራ ስትነኩት ሞተሩ መጥፋቱ ብቻ አይበቃም። ብሬከሩ ይውረድ፣ ፊውዙ ይነቀል፣ የማብሪያው ሳጥን ይቆለፍ፣ ቁልፉም በሚመረምረው ሰው ኪስ ይሁን። ብዙ አደጋ የሚደርሰው አንዱ ሲጠግን ሌላው «መብራት መጣ» ብሎ ሲያበራው ነው። ካፓሲተር ያለው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ከሆነ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላም በካፓሲተሩ ውስጥ የሚቀር ኃይል ስላለ ሳይራገፍ አይነካ። በሚዞር ቺንጋ አጠገብ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ቀበቶ ወይም ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ አይለበስ። እሸት የሚያፈስሱ እናቶችና እህቶች ከቺንጋው በመከለያ መለየት አለባቸው።

አሁን ወደ ምርመራው። ሞተር ሲጮህ ድምፁ ከአራት ቦታ በአንዱ ይነሳል። አንደኛው ሞተሩ ከሚያዞረው ማሽን፣ ማለትም ከመፈልፈያው ወይም ከወፍጮው ነው። ሁለተኛው ኃይሉን ከሚያስተላልፉት ነገሮች ነው፤ ከቺንጋ፣ ከፑሊና ሞተሩ ከተቀመጠበት መሠረት። ሦስተኛው ከራሱ ከሞተሩ የሚዞር አካል ነው፤ ከኩሽኔታው፣ ከዘንጉና ከማራገቢያው። አራተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። እነዚህን አራቱን የሚለዩ ሦስት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንዳቸውም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ፈተና ቺንጋውን አውጥቶ ሞተሩን ብቻውን ማስነሳት ነው። ቺንጋው ከወጣ በኋላ ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ወደ መፈልፈያው ሂዱ፣ ኩሽኔታዎቹን፣ ዲስኩን፣ በዲስኩና በማስተካከያው ብረት መካከል የገባ ድንጋይ ካለ ተመልከቱ። ከእሸት ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ አንዲት ጠጠር ዲስኩን እየቧጨረች ሞተር የተበላሸ እስኪመስል ድረስ ታስጮኸዋለች። ቺንጋው ወጥቶም ጩኸቱ ካለ ግን ወደ ሁለተኛው ፈተና እንለፍ።

ሁለተኛው ፈተና ያለ ቺንጋ እየዞረ ያለውን ሞተር ማጥፋትና ማዳመጥ ነው። እዚህ ላይ ጆሮ ይሰጥ። ኤሌክትሪኩ በተቋረጠበት ቅጽበት ጩኸቱ ቀጥ ካለ፣ ሞተሩ ገና እየዞረ ድምፁ ግን ከጠፋ፣ ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦም ጩኸቱ ሞተሩ እየዘገመ በሄደ ቁጥር እየቀነሰ ከሄደና ሞተሩ ሲቆም አብሮ ከቆመ ደግሞ ምክንያቱ የሚዞረው አካል ነው። ይህች የጥቂት ሰከንድ ፈተና ኩሽኔታን ከጥቅል ትለያለች። ሞተር ለማስጠቅለል ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሳትሠሯት እንዳትቀሩ።

ሦስተኛው ፈተና በእጅ ማዞር ነው። ብሬከሩ ወርዶ፣ ሳጥኑ ተቆልፎ፣ ቺንጋው ወጥቶ ዘንጉን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጤነኛ ሞተር ለስላሳ ሆኖ ይዞራል። እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ የሚሰማ፣ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ፣ ወይም ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፉት በጣም ትንሽ ቢንቀሳቀስ አትደንግጡ። ይህ የዘንጉ ርዝመት በሙቀት ሲለጠጥ ቦታ እንዲያገኝ ተብሎ የተተወ ነው። ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን የሚዞረው ሮተር ከማይዞረው ስታተር ጋር ሊነካካ ስለሚችል ሞተሩ ከዚያ በኋላ መነሳት የለበትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ጥፋቱ ከሚዞረው አካል ከሆነ በብዛት የሚገኘው ኩሽኔታው ላይ ነው። ሞተር ሁለት ኩሽኔታ አለው፤ አንዱ በፑሊው በኩል፣ ሌላው በማራገቢያው በኩል። ቀድሞ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ የፑሊው በኩል ያለው ነው፤ የቺንጋውን ጭንቀት የሚሸከመው እሱ ነውና። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የድሮ መካኒኮች የሚጠቀሙበት ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱ። ጫፉን ኩሽኔታው በተቀመጠበት የሞተሩ ክዳን ላይ አጥብቃችሁ አስጠጉ፣ እጀታውን አውራ ጣታችሁ ላይ፣ አውራ ጣታችሁን ጆሯችሁ ሥር ባለው አጥንት ላይ አድርጉ። ከሚዞረው ዘንግ፣ ከፑሊውና ከማራገቢያው ራቁ፤ የማይዞረውን ክዳን ብቻ ንኩ። ከውጭ አንድ ሆኖ ይሰማ የነበረው ጩኸት በብረቱ በኩል ተለያይቶ ይደርሳችኋል። በአንዱ ክዳን በኩል ጸጥ ያለ «ሽርርር» ሲሆን በሌላው በኩል ሻካራ «ጉርርር» ካለ ያለቀው ኩሽኔታ የት እንዳለ ተገኘ።

ድምፆቹም ይለያያሉ። ቀጭን፣ ረጅም ፉጨት የሚያሰማ ኩሽኔታ ግራሶው ደርቋል። በየጊዜው «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ኩሽኔታ ኳሱ ወይም ቀለበቱ ተቦርቡሯል፤ ለዚህ ግራሶ አያድነውም፣ መለወጥ አለበት። ጉርምርምታ የሚያሰማ ከሆነ ያለቀው ብዙ ቦታ ነው፤ እሱን ይዞ ወደ ለቀማ ወቅት መግባት አይገባም።

ኩሽኔታ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 6205 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዙ፤ 5 በ5 ሲባዛ 25፣ ስለዚህ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላል ማለት ነው። 6206 ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር፣ 6208 ከሆነ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስሌት የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች 04 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ ይሠራል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ዜድዜድ» የሚል ምልክት ካለ ሁለቱም ጎኖቹ በብረት ክዳን ተሸፍነዋል። «2አርኤስ» ከሆነ በጎማ ታሽገዋል። ውሃ በሚረጭበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የጎማው ይመረጣል። ገበያ ላይ ተመሳስለው የተሠሩ ኩሽኔታዎች ስላሉ ከታመነ ሱቅ ግዙ፤ አዲሱን በእጃችሁ አዙሩትና ካልለሰለሰ መልሱት።

ስትገጥሙ የሚሠራው ስህተት መዶሻ ነው። የውጩን ቀለበት እየመታችሁ ኩሽኔታውን ወደ ዘንጉ ካስገባችሁት የምቱ ኃይል በኳሶቹ በኩል አልፎ መንገዳቸውን ይጎዳል። ኩሽኔታው አዲስ ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያው ቀን ይጮሃል። ትክክለኛው መንገድ የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቱቦ ተጠቅሞ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ወይም ክፍት የሆነውን ኩሽኔታ በንጹህ ዘይት ውስጥ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቃችሁ በራሱ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ከ120 ዲግሪ በላይ አይሙቅ፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። በጎማ የታሸገውና ግራሶ የተሞላው ግን በዘይት ውስጥ አይነከር።

ግራሶን በተመለከተ ብዙ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም። ኩሽኔታው ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ። ከዚህ ካለፈ ኳሶቹ ግራሶውን እየገፉ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ሙቀቱ ግራሶውን ያቀልጠዋል፣ ቀልጦ ወደ ጥቅሉ ይፈስሳል። ዓይነቱ የተለያየ ግራሶም አይቀላቀል። አንዳንዶቹ ሲቀላቀሉ ይቀጥናሉ፣ አንዳንዶቹ ይጠጥራሉ። የዓይነቱን ስም በሞተሩ ክዳን ላይ በቀለም ጻፉት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቺንጋና ወደ መሠረቱ እንሂድ። ቺንጋ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ «ጭዊይ» የሚል ከሆነ ላልቷል ወይም አርጅቶ ተላጭቷል። ውጥረቱን የምትለኩት በመሐል ላይ በጣት በመጫን ነው። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል 1 ሜትር ርቀት ካለ ቺንጋው ወደ 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ በቂ ነው። ከዚህ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፣ ከዚህ በላይ ከተወጠረ የሞተሩን ኩሽኔታ ይጎትታል። ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ አብረው የሚሠሩ ከሆነ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም አብረው ይለወጡ። አንዱ ብቻ ቢለወጥ አዲሱ አጭር፣ አሮጌው ረጅም ስለሚሆን ሸክሙ በአዲሱ ላይ ብቻ ያርፋል።

የሁለቱ ፑሊዎች አሰላለፍ የሚለካው በክር ነው። ከአንዱ ፑሊ ጎን ጀምራችሁ ክሩን አጥብቃችሁ ዘርጉና በሌላው ፑሊ ጎን ላይ አሳርፉት። ክሩ በአንዱ ሁለት ቦታ፣ በሌላውም ሁለት ቦታ፣ በድምሩ አራቱንም ቦታ እኩል ከነካ ቀጥ ብለዋል። አንዱን ቦታ ካልነካ ሞተሩ ዘሟል። ሁለቱ ፑሊዎች ውፍረታቸው የተለያየ ከሆነ ልዩነቱን አስቡበት።

መሠረቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። ሞተሩ አራት እግር አለው። አንዱ እግር ከሲሚንቶው ወይም ከብረቱ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ሳለ ብሎኑ በኃይል ከጠበቀ የሞተሩ አካል ይጣመማል፣ ኩሽኔታዎቹም ይጣመማሉ፣ በየዙሩ ይንቀጠቀጣል። ለመፈተን ሌሎቹን ሦስቱን ብሎኖች ጠብቀው እንዲቆዩ አድርጉና አንዱን ብቻ አላሉት። እግሩ ከፍ ብሎ ከተነሳ ከሥሩ ስስ ቆርቆሮ አስገቡለት። አራቱንም ተራ በተራ እንዲህ አድርጉ። ሞተሩ የተቀመጠበት የእንጨት ወይም የብረት ቋሚ ከለቀቀ ደግሞ ጥሩው ሞተር እንኳ መጥፎ ድምፅ ይሰጣል፤ ወለሉ ራሱ ከበሮ ይሆናል።

የማራገቢያውንም ክዳን አትርሱ። በክዳኑ ውስጥ ገለባ፣ ቅጠል ወይም የሸረሪት ድር ከተከማቸ የማራገቢያው ክንፍ እየነካው «ሽክሽክ» ይላል፤ አየሩም ስለሚታገድ ሞተሩ ይሞቃል። ሞተሩን ከዝናብ ለመከላከል ተብሎ እየሠራ ሳለ በላስቲክ የሚጠቀለል ከሆነ ይህ ፈጽሞ መቅረት አለበት። ጣራ ሥሩለት እንጂ አትሸፍኑት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አራተኛው የጩኸት ምንጭ፣ ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሞተር የተወሰነ «እምምም» የሚል ድምፅ አለው። በአገራችን ኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝ ስለሆነ የብረቱ መሳሳብ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል፤ እሱ ነው የሚሰማው። ድምፁ ከወትሮው ከፍ ካለ፣ ወይም ሞተሩ እያጉረመረመ ካልተነሳ፣ የሚከተሉትን እዩ።

አንዱ ፌዝ ቢጠፋ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ቆሞ ከነበረ አይነሳም፤ ብቻ ያጉረመርማል። እየዞረ ሳለ ከጠፋ ግን መዞሩን ሊቀጥል ይችላል። አደገኛው ይህ ነው፤ ቀሪዎቹ ሁለቱ ፌዞች የሚሸከሙት አምፔር እስከ 1.7 እጥፍ ስለሚጨምር ጥቅሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ኦቨርሎዱ፣ ማለትም አምፔር ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መከላከያ፣ ለሞተሩ ተለክቶ የተስተካከለ ይሁን። በየምሽቱ እየቆረጠ ያስቸግራል ተብሎ የሚነቀል ወይም ቁጥሩ ከፍ የሚደረግ ኦቨርሎድ ሞተሩን ለመቃጠል ያዘጋጀዋል።

ቮልቴጁ ሦስቱም ፌዝ ላይ እኩል ካልሆነ ደግሞ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ትልቅ ጉዳት ያመጣል። 1 በመቶ የቮልቴጅ መዛባት ከ6 እስከ 10 በመቶ የአምፔር መዛባት ያስከትላል። ለምሳሌ ቴስተሩ 380፣ 375 እና 365 ቮልት ካሳየ መዛባቱ 2 በመቶ ያህል ነው፤ ይህ በአምፔር ላይ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ ይታያል። ጥፋቱ የመስመሩ ነው ወይስ የሞተሩ? ለመለየት ኤሌክትሪኩን አቋርጣችሁ ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ሦስቱንም ሽቦዎች እያንዳንዳቸውን በአንድ ቦታ አሸጋግሩ፤ አንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ አንደኛው ይሂድ። የሞተሩ አዟዟር አይቀየርም። ከዚያ በክላምፕ ሜትር አምፔሩን ለኩ። ከፍተኛው አምፔር እዚያው በፊት በነበረበት የመስመር ሽቦ ላይ ከቀረ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ይነገር። ከፍተኛው አምፔር ከሞተሩ ጫፍ ጋር ወደ ሌላ ሽቦ ከሄደ ችግሩ ጥቅሉ ነው፤ ያን ጊዜ ማስጠቅለል ይገባል።

ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሳህን ማንበብም ግዴታ ነው። በአሮጌ ሞተሮች ላይ ሳህኑ በቀለም ተሸፍኖ ወይም ዝጎ ይገኛል፤ በቀስታ አጽዱት። 220/380 የሚል ከሆነ ሞተሩ በ380 ቮልት መስመር ላይ በኮከብ ይታሰራል። 380/660 ከሆነ በዴልታ ይታሰራል። የመጀመሪያው ሞተር በስህተት በዴልታ ከታሰረ በኃይል ያጉረመርማል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛው በኮከብ ከታሰረ ጉልበቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ መፈልፈያውን ማዞር አቅቶት ይሞቃል። ከጥገና ተመልሶ ድምፁ የተቀየረ ሞተር ካለ በቅድሚያ የሚታየው ይህ አሰራሩ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ 5.5 ኪሎ ዋት የሆነ ሞተር በ380 ቮልት ሙሉ ሸክም ሲሸከም ከ11 እስከ 12 አምፔር ያህል ይወስዳል። ፍጥነቱም ባለ አራት ዋልታ ከሆነ በደቂቃ 1440 ዙር አካባቢ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ ሞተር ደግሞ እርጥበት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ሳይለካ አይነሳ። ባለሙያው የጥቅሉን ኢንሱሌሽን በ500 ቮልት ሜገር ለክቶ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካገኘ ሞተሩ እስኪደርቅ ድረስ ኤሌክትሪክ አይሰጠው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያልነው ስለ ትላልቅ ሞተሮች ነው። በየቤቱና በየሱቁ ያሉት ትናንሽ ሞተሮችም፣ የጁስ ማሽን፣ ድሪል፣ የልብስ ስፌት ማሽን ሞተር፣ የራሳቸው ጩኸት አላቸው። ብዙዎቹ ካርቦን ያላቸው ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ወደሚዞረው ክፍል የሚገባው ሁለት ትናንሽ ካርቦኖች የመዳብ ቀለበት ላይ እየተፋተጉ ነው።

በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ላይ በጣም በጥንቃቄ የሚሠሩ ሰዎች ቢኖሩ የድሮ ሞዴል ባቡር፣ ማለትም የመጫወቻ ባቡር፣ የሚጠግኑ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካው ሊዮኔል ኩባንያ በ1900 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ የእንግሊዙ ሆርንቢ በ1920 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ባቡሮቹን ለገበያ አቀረበ። ከእነዚህ ኩባንያዎች የወጡ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፉ ትናንሽ ባቡሮች ዛሬም በሐዲዳቸው ላይ ይሄዳሉ። ባቡሩ ሲጮህ ጠጋኙ የሚያደርገው እኛ ዛሬ ከተማርነው ጋር አንድ ነው። የላዩን ቅርፊት ያወጣል፤ ቅርፊቱ ድምፁን ስለሚያጎላ ማለት ነው። ሞተሩን ከጥርሱ ይለይና ብቻውን ያስነሳዋል። ሞተሩ ብቻውን ጸጥ ካለ ጥፋቱ የጥርሱ መግጠሚያ ነው። ሞተሩ ብቻውን ከጮኸ ወደ ካርቦኑና ወደ ዘንጉ መቀመጫ ይሄዳል። የደረቀውንና እንደ ሙጫ የጠነከረውን የድሮ ዘይት ያጥባል፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ የምትንጠለጠል አንዲት ጠብታ ዘይት ብቻ ይሰጠዋል።

ከእነሱ የምንወስደው ለጁስ ማሽናችንና ለድሪላችን ይሆናል። ካርቦኑ ከመጀመሪያ ርዝመቱ ወደ ሲሶው ሲያጥር ይለወጥ፤ ሁለቱም አብረው ይለወጡ። በመዳቡ ቀለበት ላይ ያሉት ጠባብ ክፍተቶች በካርቦን ዱቄት ከተደፈኑ በሹል የእንጨት ስንጥር ይጽዱ፤ መዳቡ ራሱ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይወልወል። በመዳቡ ላይ ዘይት ፈጽሞ አይንጠባጠብ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ጤነኛ ነው፤ ቀለበቱን የሚዞር ቢጫ እሳት ከታየ ግን ወዲያውኑ ይቁም።

ስለ ሰው ጆሮ ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ከ85 ዴሲቤል በላይ በሆነ ጩኸት ውስጥ በቀን ስምንት ሰዓት መሥራት የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚቻለው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል አራት ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል ሁለት ሰዓት ብቻ። መለኪያ ባይኖራችሁ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ጩኸቱ ወደዚህ ደረጃ ደርሷል። በወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚውለው ወጣት ከዓመታት በኋላ የሚያጣው ጆሮ አይመለስም። የጆሮ መድፈኛ ይደረግለት፤ ሞተሩ በተቻለ መጠን ከሠራተኛው መቆሚያ ይራቅ፤ ወደ ሠራተኛው በኩል ያለው ግድግዳ ይዘጋ፤ ወደ ውጭ ያለው ይከፈት።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮቻችን፣ ትምህርታችንን ወደ ማጠቃለሉ እየመጣን ነው። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በጊዜው ሲሠራ ነው። ለቀማው የሚጀመረው በአብዛኛው በጥቅምት ነው። ስለዚህ ኩሽኔታ የሚለወጥበት፣ ቺንጋ የሚታይበት፣ ጥቅል የሚለካበት ወር ነሐሴና መስከረም ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የጥገና ወጪን በእነዚህ ወራት በጀት ውስጥ ያስገቡ። መለዋወጫው ዲላ ወይም ሐዋሳ ከሌለ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ አብሮ ይታሰብ። በወርቃና በሩቅ ቀበሌዎች ላሉ ጣቢያዎች ደግሞ የሞተሩ ኩሽኔታ ቁጥርና የቺንጋው ልክ ተመዝግቦ አንድ መጠባበቂያ በመጋዘን ይቀመጥ።

ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይያዝለት። ኩሽኔታ የተለወጠበት ቀን፣ የግራሶው ዓይነት፣ ያለ ሸክምና በሸክም የተለካው አምፔር ይጻፍበት። ኦፕሬተሩ ቢቀየር ደብተሩ ይቀራል። ጤነኛ ሞተር ምን ያህል አምፔር እንደሚወስድ ያላወቀ ሰው የታመመውን መለየት አይችልም።

ለመፈልፈያ ጣቢያ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ እናቅርብ። የመጪው ለቀማ ከመድረሱ በፊት ሞተራችሁን ያለ ቺንጋ አስነሱት፣ አጥፉት፣ አዳምጡት። ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹ ጥገና ተሠርቷል። ሞተሩን የሚያስነሳውን ኦፕሬተር ደግሞ አስተምሩት፣ ደመወዙንም አክብሩለት፤ ጩኸቱን መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነውና። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)